በአንድ ጀልባ የመጣ ከሰል፣ በሁለት ሚዛን

የሞሮዋሊ የብረት ፓርክ፣ የግቢው ኃይል ማመንጫና የአውሮፓ የካርቦን ሕግ ክፍተት

በአጭሩ፦ በኢንዶኔዥያ የሱላዌሲ ደሴት የሚገኘው የሞሮዋሊ ኢንዱስትሪ ፓርክ የማይዝግ ብረት የሚያመርተው በራሱ ግቢ በተተከሉ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫዎች ነው። የኢንዶኔዥያ የከሰል እገዳ፣ የቻይና ዓለም አቀፍ ቃል፣ የበለጸጉ አገሮች የሽግግር ፋይናንስና የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ካርቦን ማስተካከያ ሥርዓት፣ አራቱም እነዚህን ማመንጫዎች ሳይነኩ አልፈዋል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ለብረት ተብሎ በፋብሪካው ግቢ የሚቃጠል ከሰል የብረቱ ቀጥተኛ ልቀት ሆኖ ይቆጠር።

ሁለት መንገድ ያለው ከሰል

ወደ ሞሮዋሊ የሚሄደው የድንጋይ ከሰል በአብዛኛው የሚቆፈረው በካሊማንታን ነው። በጭነት ጀልባ ተጭኖ፣ የሱላዌሲን ደሴት ዞሮ፣ በምሥራቁ ጠረፍ በሚገኘው የፓርኩ የራሱ ወደብ ይራገፋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ከፊሉ ወደ ተሽከርካሪው ምድጃ ይገባል፤ በዚያም እርጥቡን የኒኬል አፈር ያደርቃል፣ ከማዕድኑም ኦክስጅንን ይነጥላል። ከፊሉ ደግሞ ጥቂት ራቅ ብሎ ወደ ቆመው የኃይል ማመንጫ ይሄዳል፤ በዚያም ውሃ አፍልቶ፣ ተርባይን አዙሮ፣ የማቅለጫውን ምድጃ የሚያግለውን ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከሰሉ አንድ ነው፤ ጭሱ የሚወጣውም ወደ አንድ ሰማይ ነው፤ በመጨረሻ የሚወለደውም አንድ ብረት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የካርቦን ሕግ ግን የመጀመሪያውን ይቆጥራል፤ ሁለተኛውን አይቆጥርም።

ይህ ልዩነት የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በሚቀጥሉት ዓመታት አዳዲስ የብረት ፋብሪካዎች የት እንደሚተከሉ፣ በምን ኃይል እንደሚሠሩና በአጠገባቸው የሚኖሩ ሰዎች ምን ዓይነት አየር እንደሚተነፍሱ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ጉዳዩን የሚከታተሉ የሕግ አውጪዎች ረዳቶችም ሆኑ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ክፍተቱን ለመረዳት ሞሮዋሊን ቀረብ ብለው ማየት ይኖርባቸዋል።

ፓርኩ እንዴት ቆመ?

ኢንዶኔዥያ በዓለም ላይ ከሚመረተው የኒኬል ማዕድን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የምታወጣ አገር ናት። ለረጅም ዘመን ግን ማዕድኑን እንደ አፈር እየጫነች ለሌሎች ትሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የማዕድን ሕግ ይህን ለመቀየር አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥሬ ማዕድን ወደ ውጭ መላክ ተከለከለ፤ ክልከላው በ2017 ከላላ በኋላ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ለኒኬል ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። መልእክቱ ግልጽ ነበር። ኒኬል የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ በአገሪቱ ምድር ያቅልጥ።

ጥሪውን ቀድሞ የሰማው የቻይናው የማይዝግ ብረት አምራች ፂንግሻን ነው። ከኢንዶኔዥያው ቢንታንግ ዴላፓን ጋር ሆኖ የሞሮዋሊን ፓርክ ለማቋቋም የተስማማው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር፤ የመጀመሪያው ማቅለጫም በ2015 ተመረቀ። ዛሬ ፓርኩ የራሱ ወደብ፣ የራሱ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ከ80 ሺህ በላይ ሠራተኞችና የራሱ የኤሌክትሪክ ኃይል አለው። ቀልጦ የወጣው የኒኬል ቅይጥ ሳይቀዘቅዝ ወደ ቀጣዩ ፋብሪካ ይፈስሳል፤ በዚያም ክሮም ተጨምሮበት የማይዝግ ብረት ይሆናል። በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው የማይዝግ ብረት ዓይነት 18 በመቶ ያህል ክሮምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። የወጥ ቤት ድስት፣ የሆስፒታል መሣሪያ፣ የወተት ማጓጓዣ በርሜል የሚሠራው ከዚህ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። የሱላዌሲ ማዕድን በውስጡ የሚይዘው ኒኬል ብዙውን ጊዜ ከ2 በመቶ አይበልጥም፤ ሲሦ ያህሉም እርጥበት ነው። ጥቂት ኒኬል ለማውጣት ብዙ አፈር ማድረቅ፣ ከዚያም ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚግል የኤሌክትሪክ ምድጃ ማቅለጥ ያስፈልጋል። ምድጃው ሌትና ቀን አይጠፋም። ፓርኩ ሲጀመር የሱላዌሲ የኤሌክትሪክ መስመር ይህን ያህል ኃይል ማቅረብ አይችልም ነበር። ባለሀብቶቹ መስመሩ እስኪሰፋ አልጠበቁም፤ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን በፋብሪካው ግቢ ተከሉ።

እንዲህ ያለው የግቢ ማመንጫ ከብሔራዊ የኃይል ቋት ጋር ሳይያያዝ ለአንድ ፋብሪካ ወይም ለአንድ ፓርክ ብቻ የሚሠራ ነው። ኤሌክትሪኩን ለሕዝብ አይሸጥም። ስለዚህም በመንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅት እቅድ ውስጥ አይገባም፤ በሕዝብ የታሪፍ ክርክር ላይም ስሙ አይነሣም። የኃይል ዘርፉን የሚከታተሉ የጥናት ተቋማት እንደሚገልጹት በኢንዶኔዥያ የግቢ ከሰል ማመንጫዎች አቅም እ.ኤ.አ. በ2013 ከነበረበት 1.4 ጊጋዋት በ2023 ወደ 10.8 ጊጋዋት አድጓል። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ 5.15 ጊጋዋት ነው። በ2023 ከፋብሪካ አጥር በስተጀርባ የነበረው የከሰል አቅም ከሁለት ሕዳሴ ግድቦች ይበልጥ ነበር ማለት ነው።

አራት በሮች፣ አንድም ዘበኛ የለም

ይህ ሁሉ የተገነባው በድብቅ አይደለም። ዓለም ስለ ከሰል መጨረሻ አብዝቶ በተናገረባቸው ዓመታት የተከናወነ ነው። ማመንጫዎቹ በአራት በሮች አልፈዋል፤ በአራቱም የጠየቃቸው የለም።

የመጀመሪያው በር የኢንዶኔዥያ የራሷ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ደንብ ቁጥር 112 አዳዲስ የከሰል ማመንጫዎችን ይከለክላል። ነገር ግን ቀድሞ በእቅድ ለተያዙት፣ እንዲሁም የተፈጥሮ ሀብትን ዋጋ ለሚጨምሩ ኢንዱስትሪዎች ለሚያገለግሉና ለብሔራዊ ስትራቴጂያዊ ፕሮጀክቶች በሩን ክፍት ይተዋል። ከእነዚህ የኢንዱስትሪ ማመንጫዎች የሚጠበቀው ሥራ በጀመሩ በ10 ዓመት ውስጥ ከ2021 አማካይ አንጻር ልቀታቸውን ቢያንስ በ35 በመቶ መቀነስና እስከ 2050 ድረስ ብቻ መሥራት ነው። ቅነሳውን በካርቦን ማካካሻ ግዢም ማሟላት ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ክልከላው የከሰልን ዕድገት ከሕዝብ መስመር ወደ ፋብሪካ ግቢ አዛወረው እንጂ አላስቆመውም።

ሁለተኛው በር የቻይና ቃል ነው። ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ በሴፕቴምበር 2021 ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባሰሙት ንግግር አገራቸው በውጭ አገር አዳዲስ የከሰል ኃይል ፕሮጀክቶችን እንደማትገነባ ተናግረዋል። ቃሉ በብዙ አገሮች እውነተኛ ውጤት አስገኝቷል። በኢንዶኔዥያ የኒኬል ፓርኮች ግን የቻይና ኩባንያዎች ድርሻ ያለባቸው የግቢ ማመንጫዎች ከንግግሩ በኋላም መተከላቸውን ቀጥለዋል። በወረቀት ላይ ፕሮጀክቱ የብረት ፋብሪካ ነው፤ ማመንጫው የፋብሪካው አንድ ክፍል ሆኖ ይገባል።

ሦስተኛው በር የበለጸጉ አገሮች ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በባሊ በተካሄደው የቡድን 20 ጉባኤ ዩናይትድ ስቴትስና ጃፓን የመሩት የአገሮች ስብስብ ለኢንዶኔዥያ ፍትሐዊ የኃይል ሽግግር 20 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ተስማማ። ከአንድ ዓመት በኋላ ዝርዝር እቅዱ ሲወጣ ግን የ2030 የልቀት ዒላማው በኃይል ቋቱ ላይ ባሉት ማመንጫዎች ብቻ ተወሰነ፤ የግቢ ማመንጫዎች ለተጨማሪ ጥናት ተብለው ወደ ጎን ቀሩ። በማርች 2025 ደግሞ ዩናይትድ ስቴትስ ራሷ ከአጋርነቱ ወጣች። በአንድ እጅ ከኃይል ቋቱ ከሰልን ለማውጣት ገንዘብ እየተፈለገ፣ በሌላው እጅ ከቋቱ ውጭ ከሰል መትከል፣ አበው እንደሚሉት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። የአገሪቱ የልቀት ድምር በዚህ አይቀንስም።

አራተኛው በር የአውሮፓ ኅብረት ነው። የሕግ አውጪዎች ረዳቶች ዛሬውኑ ሊነኩት የሚችሉት ይህኛው ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል።

ሕጉ የሚቆጥረውና የሚተወው

የድንበር ካርቦን ማስተካከያ ሥርዓት ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው። በአውሮፓ የሚገኝ ፋብሪካ ለሚለቀው ካርቦን ይከፍላል፤ ከውጭ የሚገባው ተመሳሳይ ዕቃም ተመጣጣኝ ክፍያ ይክፈል ነው። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በሪፖርት ማቅረቢያ የሽግግር ጊዜ ተጀመረ፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮም ወደ ክፍያ ተሸጋግሯል። ብረትና የማይዝግ ብረት፣ የኒኬል ቅይጡም ጭምር፣ በሽፋኑ ውስጥ ናቸው።

ሕጉ ልቀትን በሁለት ይከፍላል። ቀጥተኛ ልቀት በምርት ሂደቱ ውስጥ የሚወጣው ነው፤ ለሂደቱ የሚያስፈልገውን ሙቀት ለማምረት የሚወጣውንም፣ ሙቀቱ የትም ይመረት የት፣ ይጨምራል። ቀጥተኛ ያልሆነ ልቀት ደግሞ በምርቱ ላይ የሚውለውን ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚወጣው ነው፤ እዚህም ኤሌክትሪኩ የትም ይመንጭ የት። ለሲሚንቶና ለማዳበሪያ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ለብረት፣ ለአሉሚኒየምና ለሃይድሮጅን ግን ቀጥተኛው ብቻ ይቆጠራል።

የእነዚህ ሁለት ትርጓሜዎች ውጤት በሞሮዋሊ ምን እንደሚመስል ማስተዋል ያሻል። ማመንጫው ከማቅለጫው በመቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ቢቆምም፣ ከፓርኩ ውጭ አንድ አምፖል ባያበራም፣ ያለ ፋብሪካው የመኖር ምክንያት ባይኖረውም፣ በሕጉ ዓይን ልቀቱ ቀጥተኛ አይደለም። ለብረት ቀጥተኛ ያልሆነው ስለማይቆጠር ደግሞ ዋጋው ዜሮ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ለሚቀልጥ የኒኬል ቅይጥ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ ከሰል በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ሲሠራ ከአጠቃላይ ልቀቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኸው የተተወው ክፍል ነው።

ከዚህ የባሰው ሕጉ የሚሰጠው ማበረታቻ ነው። አንድ አምራች በምድጃው የሚያቃጥለውን ነዳጅ ቀንሶ በከሰል በመነጨ ኤሌክትሪክ ቢተካ፣ ወደ ሰማይ የሚወጣው ጭስ ቢጨምርም እንኳ የአውሮፓ ክፍያው ይቀንሳል። በተቃራኒው ሌላ አምራች ከሰሉን ትቶ በፀሐይ ወይም በውሃ ኃይል ቢሠራ፣ ለዚህ ወጪው ከሥርዓቱ አንዲት ሳንቲም ቅናሽ አያገኝም። ንጹሑንና ቆሻሻውን ለይቶ ሊከፍል የተፈጠረ ሕግ፣ ልዩነቱ እጅግ በሰፋበት ቦታ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል።

አውሮፓ ይህን ለመቁጠር አቅም አላጣችም። በሽግግሩ ጊዜ አስመጪዎች የብረትን ቀጥተኛ ያልሆነ ልቀት ጭምር ሪፖርት እንዲያደርጉ ይጠየቁ ነበር፤ የስሌቱ ዘዴም ተዘጋጅቷል። እንዲያውም በማርች 2022 የአውሮፓ ኮሚሽን ከኢንዶኔዥያ በሚገባ ዝርግ የማይዝግ ብረት ላይ የፀረ ድጎማ ቀረጥ ሲጥል፣ ከጃካርታ ድጎማ አልፎ ቻይና ለሞሮዋሊ አምራቾች የሰጠችውን የፋይናንስ ድጋፍ ተከትሎ ቆጥሯል። ከቤጂንግ እስከ ሱላዌሲ የተጓዘውን ገንዘብ በአጥር ዘልሎ ያገኘ መርማሪ፣ በዚያው አጥር ውስጥ የቆመውን የጭስ ማውጫ ማየት አያቅተውም።

በዚያው ደሴት ያለው ምስክር

ከሰል የግድ ነው ለሚለው ክርክር መልሱ ከሩቅ አይመጣም። በዚያው በሱላዌሲ፣ በደቡባዊው ክፍለ ግዛት፣ ሶሮዋኮ በተባለ ቦታ ለአሥርተ ዓመታት ኒኬል ሲያቀልጥ የኖረ ፋብሪካ አለ። የሚጠቀመው አፈር የሱላዌሲ አፈር ነው፤ ምድጃዎቹም የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ናቸው። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ግን በላሮና ወንዝ ላይ ከተገነቡ ሦስት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ነው፤ ሦስቱ በአንድ ላይ 365 ሜጋዋት ያመነጫሉ። እነዚህም የግቢ ማመንጫዎች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው ፋብሪካ የራሱ ማመንጫ ይኑረው ወይስ አይኑረው አይደለም፤ ማመንጫው ምን ያቃጥላል የሚለው ነው።

ሶሮዋኮ ንጹሕ ገነት አይደለችም። ፋብሪካው ማዕድኑን ለማድረቅ አሁንም ነዳጅ ያቃጥላል፤ ግድብም በሐይቅና በወንዝ ዳር በሚኖሩ ሰዎች ላይ የራሱን ጫና ያመጣል። ወንዝም ሁሉ ለግድብ አይሆንም፤ የሞሮዋሊን ፍላጎት በውሃ ብቻ ማሟላት አይቻል ይሆናል። ነገር ግን በማዕከላዊ ሱላዌሲ በፖሶ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የተመረቀው 515 ሜጋዋት ማመንጫ እንደሚያሳየው የደሴቲቱ የኃይል አቅርቦት ፓርኩ ሲጀመር ከነበረበት ተለውጧል። ውሃ፣ ፀሐይ፣ ባትሪና የተጠናከረ የማስተላለፊያ መስመር ተቀናጅተው ከሰሉን ደረጃ በደረጃ ሊተኩ ይችላሉ። ይህ እንዲሆን ግን ለውጡን የሚሸልም ገበያ ያስፈልጋል፤ የአሁኑ ሕግ ደግሞ ሶሮዋኮንና ሞሮዋሊን በኤሌክትሪክ ረገድ እኩል ያደርጋቸዋል።

ዋጋውን ማን ይከፍላል?

በወረቀት ላይ ዜሮ የተጻፈው ልቀት በባሆዶፒ ወረዳ ዜሮ አይደለም። በፓርኩ ዙሪያ ባሉት መንደሮች የሚኖሩ ሰዎች የከሰል አቧራ በጣሪያቸውና በልብሳቸው ላይ እንደሚያርፍ፣ ሳልና የመተንፈሻ አካላት ሕመም እንደበዛባቸው ሲያመለክቱ ቆይተዋል። በባሕሩ ዳር የሰፈሩ ዓሣ አጥማጆችም ከማመንጫው የሚወጣው የሞቀ ውሃ ዓሣውን ከጠረፉ እንዳራቀው፣ ቀድሞ በቅርብ የሚያገኙትን ዛሬ በሩቅ እንደሚፈልጉት ይናገራሉ። ለእነዚህ ሰዎች የፓርኩ አጥር የሕግ ድንበር ብቻ ነው፤ ጭሱን አይከለክልም።

በዲሴምበር 24 ቀን 2023 በፓርኩ ውስጥ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ጥገና ላይ በነበረ ማቅለጫ ምድጃ በደረሰ ፍንዳታ 21 ሠራተኞች ሕይወታቸው አልፏል፤ 13ቱ ኢንዶኔዥያውያን፣ 8ቱ ቻይናውያን ነበሩ። አደጋው የደረሰው በማቅለጫው እንጂ በኃይል ማመንጫው አይደለም፤ ሁለቱን ማደባለቅም ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን ሁለቱም ከአንድ አስተሳሰብ ጋር ይያያዛሉ፤ ይኸውም ፓርኩ በፍጥነት እስካመረተ ድረስ በውስጡ የሚሆነውን የሚቆጣጠረው ራሱ ነው የሚለው ነው። ከውጭ የሚጠየቅ አስተማማኝ መረጃ ባለበት ቦታ ለጭሱም ለሰውም ጥበቃው ይጠነክራል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ክብደት ያላቸው ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ በችኮላ ሊታለፉ አይገባም።

የመጀመሪያው የፍትሕ ጥያቄ ነው። እንግሊዝ፣ ጀርመንና ዩናይትድ ስቴትስ በከሰል ከበለጸጉ በኋላ ኢንዶኔዥያን ከሰል አትንኪ ማለት እንዴት ይቻላል? መንግሥትዋ እንደሚለው ከኒኬል ምርቶች የሚገኘው የውጭ ንግድ ገቢ ከ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተነሥቶ በ2022 ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። ይህ ለአንድ ታዳጊ አገር ታላቅ ነገር ነው፤ ማዕድንን በአገር ውስጥ የማቅለጥ መብትም ሊከበር ይገባል። ይሁን እንጂ እዚህ የቀረበው ሐሳብ የማቅለጥን መብት አይነካም። ከድንበር ክፍያው የሚሰበሰበው ገንዘብ በከፊል ለላኪዎቹ አገሮች የኃይል ሽግግር እንዲመለስ ከተደረገ ደግሞ ሕጉ ቅጣት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ይህ ሁለተኛው ክፍል ካልተሟላ የፍትሑ ጥያቄ ሳይመለስ እንደሚቆይ በግልጽ መቀበል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሕግ እኩልነት ጥያቄ ነው። በአውሮፓ ኤሌክትሪክ በብዛት የሚጠቀሙ አምራቾች በካርቦን ዋጋ ምክንያት ለሚጨምርባቸው የኤሌክትሪክ ወጪ ከመንግሥቶቻቸው ማካካሻ ሊያገኙ ይችላሉ። ለራሳቸው አምራቾች የተካሰን ወጪ ከውጭ በሚመጣው ላይ መጫን አድልዎ ይሆናል የሚለው ክርክር ነው ብረትን ከሙሉ ስሌቱ ያስቀረው። ክርክሩ እውነት አለበት፤ ስለዚህም የአገር ውስጡ ማካካሻና የውጭው ነጻነት በአንድ የጊዜ ሰሌዳ አብረው መቀነስ ይኖርባቸዋል። ሕጉ ራሱ ኮሚሽኑ ወደ እነዚህ ዕቃዎች ስሌቱን ማስፋት ይቻል እንደሆነ እንዲመረምር ያዝዛል፤ በሩ በሕጉ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው የማጭበርበር ሥጋት ነው። ኤሌክትሪክ ከቆጠርን አምራቾች ንጹሑን ኃይል በወረቀት ላይ ወደ አውሮፓ ለሚላከው ብረት መድበው ቆሻሻውን ለሌላው ያደርጉታል ይባላል። ሥጋቱ በኃይል ቋት ላይ ተገቢ ነው። የግቢ ማመንጫ ግን ከሁሉ ይልቅ ለቁጥር የሚመች ነው። የሚገባው ከሰል ይመዘናል፤ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ይለካል፤ ተጠቃሚውም የታወቀ ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

ነገሩ ከሱላዌሲ አልፎ የአፍሪካ ቀንድንም ይነካል። ኢትዮጵያ ከኤሌክትሪኳ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውሃ የምታመነጭ አገር ናት፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ሕዳሴ ግድብም ይህን አቅም በእጅጉ አሳድጎታል። ዛሬ ወደ አውሮፓ የምትልከው ብረት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን የኢንዱስትሪ ባለሀብት ፋብሪካ የሚተክለው የነገን ገበያ አስልቶ ነው። የኤሌክትሪክ ምንጭ በማይቆጠርበት ሕግ ከዓባይ የሚመነጨው ኃይልና ከከሰል የሚመነጨው ኃይል በአውሮፓ በር ላይ ዋጋቸው አንድ ነው፤ አገሪቱም በብዙ መሥዋዕትነት ያገኘችው ብልጫ በዚህ ገበያ ዋጋ ያጣል።

ሌላም ትምህርት አለ። የኢትዮጵያ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች የድንጋይ ከሰል ይጠቀማሉ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኮችም ስለ ኃይል መቆራረጥ ማማረራቸው የቆየ ነው። የኃይል ቋቱ ደካማ በሆነበት ቦታ ለትልቅ ባለሀብት የራስህን ማመንጫ ትከል ማለት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። የሞሮዋሊ ታሪክ የጀመረው እንዲሁ ነው። አንዴ የተተከለ የከሰል ማመንጫ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ይሠራል፤ ዕዳው እስኪከፈል ማንም አይዘጋውም።

ምን ይደረግ?

ለአውሮፓ ፓርላማ አባላትና ረዳቶቻቸው፦ በሚቀጥለው የሕጉ ክለሳ አንድ ጠባብ ማሻሻያ ሊቀርብ ይገባል። ከኃይል ቋት ውጭ ሆኖ በፋብሪካው ግቢ ወይም በቀጥታ መስመር ለፋብሪካው ብቻ የሚያገለግል፣ በቅሪተ አካል ነዳጅ የሚሠራ ማመንጫ ልቀት እንደ ቀጥተኛ ልቀት ይቆጠር። ይህ ማሻሻያ ከኃይል ቋት ኤሌክትሪክ የሚገዙ ፋብሪካዎችን አይነካም፤ ስለዚህ በደካማ የኃይል ቋት ላይ የተመሠረቱ ድሃ አገሮችን አይጎዳም። ሙሉው የኤሌክትሪክ ስሌት ከአገር ውስጥ ማካካሻው መቀነስ ጋር በሁለተኛ ደረጃ ይከተል። እስከዚያው ድረስ በሽግግሩ ጊዜ የነበረው የሪፖርት ግዴታ ለብረት ይመለስ።

ለአሜሪካ ምክር ቤቶች ረዳቶች፦ በሴኔቱ የካርቦን ክፍያን ከውጭ ንግድ ጋር የሚያያይዙ ረቂቆች ከሁለቱም ወገን ቀርበዋል፤ የሴናተር ሼልደን ዋይትሃውስና የሴናተር ቢል ካሲዲ ረቂቆች ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ሕግ አልሆኑም። ረቂቅ በሆነበት ጊዜ ማረም ከጸደቀ በኋላ ከማረም ይቀላል፤ የግቢ ማመንጫ ልቀት ከመጀመሪያው በትርጓሜው ውስጥ ይግባ።

ለሽግግር ፋይናንስ አበዳሪዎችና ለጋሾች፦ የአንድ አገር የኃይል ዘርፍ ዒላማ ሲቀመጥ የግቢ ማመንጫዎችን ያካትት። ፕሬዚዳንት ፕራቦዎ ሱቢያንቶ በኖቬምበር 2024 አገራቸው በ15 ዓመት ውስጥ ከከሰል ማመንጫዎች ለመውጣት እንደምታስብ ተናግረዋል። ቃሉ የሞሮዋሊን ማመንጫዎች ይጨምራል ወይ የሚለው ቀጥተኛ ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ ከመለቀቁ በፊት መልስ ሊሰጥበት ይገባል።

ለተሟጋቾች፦ የአካባቢው ነዋሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚያቀርቡት ማስረጃ በብራስልስና በዋሽንግተን ጠረጴዛ ላይ እንዲደርስ ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብረት ገዢ ኩባንያዎችን ከየትኛው ማመንጫ በወጣ ኤሌክትሪክ የቀለጠ ብረት እንደሚገዙ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የመምረጥ መብት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በየምርጫ ክልላቸው ድምፅ አላቸው፤ የትውልድ አገራቸው የውሃ ኃይል በዓለም ገበያ ተገቢ ዋጋውን እንዲያገኝ የሚሹ ሁሉ በዚህ ሕግ ክለሳ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ ሰሚ አያጣም።

የድንበር ካርቦን ሕግ የቆመው ሸማች ለሚገዛው ዕቃ ብክለት ተጠያቂ ይሁን በሚል መርህ ላይ ነው። በካሊማንታን ተጭኖ በሞሮዋሊ ወደብ የተራገፈ ከሰል በየትኛውም ምድጃ ቢቃጠል ለዚያው ብረት ተቃጥሏል። ሕጉም በአንድ ሚዛን ሊመዝነው ይገባል።